የጎደሉት አርባ ደቂቃዎች

ትብለጥ መንጋዋን ወደ ደቡብ ሰማይ ነዳች። መንጋ የሚሉት ጨረቃን የሚዞሩትን አንድ ሺህ በራሪ መስታወቶች ነው፤ የመቆጣጠሪያ ጓንቷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር አብረው ይዞራሉ። ከሩብ ሰዓት በፊት የጨረቃው ጣቢያ የስበት ሞገድ ሰምቷል፤ ሁለት የሞቱ ኮከቦች ተላትመው ህዋን አርገብግበዋል። ግጭቱ ብርሃን ረጭቶ ከሆነ ፈልጎ ማግኘት የእሷ ሥራ ነው። ሰባት ዓመት ፈልጋለች። አንድም አላገኘችም።

"ትብለጥ፣ አቁሚ። ፈተና ነው" አሏት በድምፅ ማጉያው የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ደጀን።

ሠራተኛው እንዳይዘናጋ ኃላፊው አልፎ አልፎ የሐሰት ሞገድ ይልካሉ። "ፈተና ነው" ካሉ ማንም አይከራከርም።

"ዛሬም ሸወዱኝ፣ ጋሼ!" ብላ ስቃ መስታወቶቹን መለሰች።

አንዱ አልታዘዘም። ማጠፊያው ተጣብቆ ያንኑ የሰማይ ቁራጭ ፎቶ ሲያነሳ ቆየ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ብልሽቱን ለማየት ምስሉን ስትከፍት፣ በአንዲት ጋላክሲ ጠርዝ ላይ ትናንት ያልነበረ ሰማያዊ ነጥብ አገኘች። የሐሰት ሞገድ መሣሪያን ያታልላል፤ ሰማይ ላይ ብርሃን አይለጥፍም።

ወደ ቢሯቸው ሮጠች። ደጀን የጣቢያውን አሮጌ ቴሌስኮፕ ለብቻቸው ወደዚያው አዙረዋል። ስክሪናቸው ላይ ያው ነጥብ፣ ከጎኑም ያላለቀ ሪፖርት። የእሳቸው ስም ብቻ አለበት።

"ፈተና ነው አላሉኝም?"

"በሩን ዝጊው።"

"ይመልሱልኝ!"

"ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። አንቺ ገና ብዙ ታገኛለሽ።"

"ልጄ አይበሉኝ! ሺህ መስታወት አሳውረው በዚህ ቆርቆሮ ያያሉ?"

"ብርሃኑ እንደሆነ ማን አየኝ ብሎ አይጠይቅም።"

"እርስዎ ግን ይጠይቃሉ!"

ተመልሳ መንጋውን አዞረች። ነጥቡ መደብዘዝ ጀምሯል። ያ ብርሃን መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ሲጓዝ ማንም አልዋሸበትም፤ የተዋሸበት ከደረሰ በኋላ፣ በሁለት ክፍሎች መካከል ነው።

ጣቢያውን በተቀላቀለችበት ዓመት ብርሃን ለሚገኝበት ቀን ያዘጋጀችውን የሪፖርት ረቂቅ ከፈተች። ቀኑና አቅጣጫው ባዶ ነው። ስሞቹ ግን ያኔውኑ ተጽፈዋል፤ የእሳቸው ከላይ፣ የእሷ ከታች።

ደጀን በሩ ላይ ቆመዋል። "ስሜን ልታጠፊው ነው?"

"ለምን አጠፋዋለሁ? የመንጋው የመጀመሪያዎቹ አርባ ደቂቃዎች ለምን እንደጎደሉ አንባቢ ይጠይቃል።"

ከስማቸው ጎን "መስታወቶቹ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ያዘዙ" ብላ ጻፈችና ለዓለም ጣቢያዎች ሁሉ ላከችው።