ለሦስት መቶ ማካፈል

የራጅ ክፍሏ ባለሙያ ነገር የማታምን ሴት ናት። «ደህና ዋልሽ?» ሲሏት እንኳ ለምን እንደጠየቋት ታስባለች። መሥሪያ ቤቱ «ጥገናው» እያለ የሚጠራው የመሣሪያ ጠጋኝ «ላግባሽ» ሲላትማ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችው። ልቧ ግን፣ ምን ይደበቃል፣ ያኔውኑ እሺ ብሎ ነበር።

ጥገናው በየሐሙሱ የጨረር መለኪያውን ይዞ ይመጣል። መለኪያው ጨረር ባገኘው ቁጥር ጠቅ ይላል። በደቂቃ ውስጥ የመጣው ጠቅታ ለአንድ ቁጥር ተካፍሎ፣ ሰው ላይ የሚያርፈው የጨረር መጠን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚህ ሐሙስም ከወንበሯ ኋላ ለካ፣ ጻፈ፣ ሰረቅ አድርጎ አያትና ወጣ።

መዝገቡን ገለጠችው። ጠቅታው እንደ ወትሮው ሦስት መቶ ነው። ወትሮ ለመቶ ሃምሳ ተካፍሎ ሁለት ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ይላል። ጠረጠረች። ክፍሉ እንዳይዘጋበት አለቃው ቁጥሩን ዝቅ አስደርጎት ይሆናል፤ ጨረሩ የሚያርፈው ደግሞ እሷው ጀርባ ላይ ነው።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷም «ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሏት። እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ ሳይዞር ነጋ።

ዓርብ መለኪያውን እንደያዘ ለመልሷ ሲመጣ መዝገቡን ፊቱ ዘረጋችለት።

«ለማን ብለህ ነው የቀነስከው?»

ጥገናው ደነገጠ። የመለኪያው ቱቦ ተቀይሮ ነው አላት፤ አዲሱ ለያንዳንዱ ጨረር የድሮውን እጥፍ ጠቅ ስለሚል ለሦስት መቶ ነው የሚካፈለው። መቀየሩን መዝገቡ ላይ ማስፈር የረሳው ሐሙስ ዕለት እሷን እያየ ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበር ነው።

አፍማ ሞልቶታል፣ አለች በሆዷ። መጠኑ የታወቀውን የመፈተሻ ጨረር አመንጪ ከሳጥኑ አውጥታ ራሷ መለኪያው ፊት አስቀመጠች። በድሮው ቱቦ ስድስት መቶ ተብሎ ተመዝግቧል። አሁን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቆጠረ። ሰውየው እውነቱን ነው።

አፈረች። አፍራም ግን መጠርጠሯን አላቆመችም። ቱቦው እጥፍ የሚቆጥር ከሆነ ከወንበሯ ኋላም ስድስት መቶ ማለት ነበረበት፤ ሦስት መቶ ብቻ ካለ ጨረሩ ራሱ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። ማን ቀነሰው?

ጥገናው የተላላጠ መዳፉን ኪሱ ከተተ፤ ዓይኑ ግን ከወንበሯ ኋላ ወዳለው መደርደሪያ ሰረቅ አለ። መደርደሪያውን ገፋ አድርጋ ከኋላው አየች። ከድሮው ራጅ ክፍል በር የተነቀለ፣ ጨረር የሚያግድ የእርሳስ ብረት ግድግዳው ላይ ተመቷል።

«መቼ ነው?»

«እሁድ። አለቃውን አስፈቅጄ ነው።»

«ታዲያ ለኔ አትነግረኝም?»

«መልስሽን እየጠበቅኩ ነበራ። ውለታ ይዟት እሺ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።»

እንባዋ መጣ። ይህን ሰው አንድ ሌሊት ሙሉ በሆዷ ስታማው ማደሯ አንገበገባት። እስክሪብቶ አንስታ መዝገቡ ላይ «ተፈትሾ ትክክል ሆኗል» ብላ ጻፈች፣ ፈረመችበትም።

«ይሄ ለመለኪያው ነው ለኔ?» አላት።

«ለመለኪያው። አንተን ፈትሼ ለመጨረስ ዕድሜ ልኬን ይፈጅብኛል» አለችና የተላላጠ እጁን ከኪሱ አውጥታ ያዘችው።