ስም የሌለው ደም

«ዛሬ ጠዋት እንግዳ መጥቶባችሁ ነበር?»

«የምን እንግዳ? እዚህ ያለው ፀረ እንግዳ ነው» አለች ደም ቀጂዋ ነርስ።

መርማሪው «ሟች እንግዳ አይወዱም ነበር» ብሎ ጻፈ። ነርሷ በትከሻው አሻግራ አነበበችና ያበጡ ዓይኖቿን ጠረገች።

«ኧረ አይደለም! ፀረ እንግዳ አካል ነው የምልዎት። በደማችን ውስጥ በሽታን የሚዋጋው። የአንዳንድ እናት ይሳሳትና የሆዷን ልጅ አንጎል እንደ ባዕድ ያየዋል፤ ኦቲዝም ከዚያ ይመጣ ይሆን ወይ ብለው ነበር ፕሮፌሰሩ የሚያጠኑት።»

መርማሪው የጻፈውን ሰረዘ። የዓይኑ ቆብ ሁሌም ግማሽ ስለሚከደን ባልደረቦቹ «እንቅልፌ» ይሉታል፤ ዛሬ ደግሞ የእውነት ደክሞታል።

ፕሮፌሰሩ ሞተው የተገኙት ከቤተ ሙከራው የኋላ ደረጃ ሥር ወድቀው ነው። «አዳልጧቸው ነው» ያለ አልጠፋም። ግን የጋዋናቸው የደረት ኪስ ተገልብጧል። ደረጃ ሰው ይጥላል እንጂ ኪስ አይፈትሽም።

«ምን ነበር ኪሳቸው ውስጥ?»

«የታሸገ ፖስታ። የደም ብልቃጦቹና ውጤታቸው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የትኛው ቁጥር የየትኛዋ እናት እንደሆነ ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ከተማ ታሽጎ የመጣ። ከሰዓት ሁላችን ፊት ሊከፍቱት ነበር። እሳቸውም አላዩትም።»

ኮሪደሩ ላይ ደም ከሰጡት እናቶች አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ተቀምጣለች። ጠዋት ከፕሮፌሰሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሰምቷታል።

«ውጤቴን ንገሩኝ አልኳቸው፤ አላውቀውም አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው» አለች። «የምታስሩኝ ከሆነ ግን ልጄን የሚያጎርስ ሰው ፈልጉ። ከኔ እጅ በቀር አይጎርስም።»

የፕሮፌሰሩ ረዳት ዶክተር ግን ነገሩ ቀሎታል።

«ምኑ ያስቸግራል? ፀረ እንግዳው ደሟ ውስጥ አለ። ይህን የሰማች እናት ሰው ብትገፈትር ይገርማል?»

እንቅልፌ ዓይኑን ጨፈነ። ያንቀላፋ መሰለ። ከዚያ ሦስቱንም ብልቃጦቹ ካሉበት ማቀዝቀዣ ፊት ሰበሰባቸው።

«ደክሞኛል፤ ደግሜ አልናገርም። ገዳዩ የፈለገው ፖስታውን ነው። ውጤቷን ከፕሮፌሰሩ አፍ የጠየቀችው ልብስ ሰፊዋ ፖስታ መኖሩንም አታውቅም። ስለ ፖስታው የነገረችኝ ሲስተር ናት፤ የወሰደ ሰው ደግሞ ሳይጠረጠር ይህን አያወራም። ዶክተር ግን ደሟ ውስጥ አለ አሉኝ። ስም ከሌለው ብልቃጥ መሀል የእሷን በምን ለዩት?»

«ገ... ገምቼ ነው።»

«ፖስታውስ?»

የረዳቱ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ወደ ጋዋኑ ኪስ ሮጠ። ሁሉም አዩት፤ እሱም አየው።

«ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ላይ ብቻ ነው የሚገኘው ብዬ ጉባኤ ላይ ተናግሬያለሁ» አለ ቁጭ ብሎ። «ቀድሜ አይቼ ቁጥሩን ላስተካክል ነበር። አልሰጥም አሉኝ። ስጎትት...»

ነርሷ ከኪሱ የወጣውን ወረቀት ገልጣ ከቁጥሮቹ ውጤት ጋር አስተያየችው። «ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች እናቶች ላይም አለ» አለች ቀስ ብላ።

ረዳቱን ሲወስዱት ልብስ ሰፊዋ ከቦታዋ አልተነሣችም።

«የኔስ? እሱ ያለው እውነት ነው?»

ነርሷ ወረቀቱን አየች። መደበቂያ የለም።

«አለብሽ እህቴ። ግን የልጅሽን ኦቲዝም ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች።

«ይህንንማ ደሜን ሳትቀጂኝም አውቀው ነበር።»