የደረት ልጓም

በኤልሳሮን መንግሥት የምሥራቁ ግንብ በጠራራ ፀሐይ ተደረመሰ። ሕዝቡን ያስጨነቀው ግን የግንቡ መፍረስ ብቻ አልነበረም፤ አርባ ጠባቂዎች ሰይፋቸውን ሳይመዙ ቆመው ማየታቸው ነበር።

በእያንዳንዱ ጠባቂ ደረት ላይ የብር ልጓም ተተክሏል። አፉ ወደ ውጭ ክፍት ነው፤ ግንዱ አጥንት አልፎ ይገባል፤ ጅራቱ ልብ ሥር ያርፋል። የአገሩ ሰው የጣቱን ቀለበት አፉ ላይ ሲገጥመው ጅራቱ ልብን ያዝ ያደርጋል፤ የጠባቂውም ክንድ ይዝላል። የጥንት ነገሥታት ይህን ያሠሩት ጠባቂዎች በቁጣ ወገናቸውን እንዳይፈጁ ነበር። አሁን ግን ድርማዎች ተነሡ። ከከተማይቱ ከራሷ አብራክ ወጥተው ያለ ልክ የሚያድጉ፣ ቤት የሚበሉ ፍጥረታት ናቸው፤ ያንኑ ቀለበት በጣታቸው ማብቀል ጀመሩ። የምሥራቁን ግንብ የጣሉትም እነሱ ናቸው።

ወጣቷ ጠባቂ ሔርማላ ልጓም ሠሪውን ሽማግሌ ኦርዳንን ለመነች።

«አባባ፣ ይህን ነገር ይንቀሉልኝ።»

«ቢነቀል ልብሽ አብሮ ይወጣል። በነጩ ገደል የሚፈስ ሙጫ ግን አለ፤ አፉን ይደፍነዋል። የድርማ ቀለበት መግቢያ ያጣል።» የጣቱን ቀለበት እያየ «የእኔም እንዲሁ» አለ።

«እርስዎ በሚኖሩበት በሸማኔዎች ሰፈር ላይ ሰይፌን እንደማላነሣ እምላለሁ።»

«ልጄ፣ ልጓም የሌለው እጅ መሐላ አይሰማም። ቢሆንም እንሂድ፤ ሌላ መንገድ አጣን።»

በየማለዳው ሔርማላ ወደ ኋላ ዞራ የከተማዋን ግንቦች ታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎደለ፤ በአምስተኛው ሁለት። ገደሉ ላይ ባለክንፍ ዘንዶ ተነሣባቸው። እሷ ትከሻዋ እየደማ በሰይፍ ስትመክተው፣ ሽማግሌው ሙጫውን በቅል ቀዳ።

ተመልሰው የጠባቂዎቹን ልጓም ሁሉ ደፈኑ። ድርማዎቹ ቀለበታቸውን ቢዘረጉም የሚይዝላቸው አጡ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን በጠባቂዎቹ ሰይፍ አለቁ።

የጠባቂዎቹ እጅ ግን አላረፈም። ቁጣቸው ወደ ሸማኔዎች ሰፈር ዞረ፤ ሔርማላም ከፊት ነበረች። ሰዉ በጓሮ በር እስኪሸሽ ድረስ ኦርዳን ጠባቡን መግቢያ ዘግቶ ቆመ። ቀለበቱን ደረቷ ላይ አኖረ፤ ሙጫው ላይ ተንሸራተተ። ሰይፏ ወረደበት። ጠባቂዎቹ ሬሳውን ተሻግረው ሲገቡ ቤቶቹ ባዶ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ሙጫው ሟሟ፤ የሰው ቀለበት ልጓሙን እንደገና ስለያዘ የጠባቂዎቹ እጅ አረፈ። ንጉሡ የድል አዋጅ ሲያስነግሩ ሔርማላ ከኦርዳን ሚስት ደጅ ቆማ ነበር።

«እማማ፣ አባባ ኦርዳንን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ያዘች። «የሰፈሩ ልጆች ተርፈዋል?»

«ሁሉም ተርፈዋል።»

«እንግዲያው ግቢ» አለች፤ «ደጅ አትቁሚ።»