ለሐኪሙ ያልተነገረው

ወልደ ኪዳን ከቢቸና ቆዳ እየገዛ ሞጣ ወስዶ የሚሸጥ፣ ሰው የሚያከብረው ነጋዴ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ክረምት ሚስቱ ጥሩአየሁ ጉሮሮዋን ታመመችና ክሊኒክ ወሰዳት። ፔኒሲሊን እንደተወጋች ገላዋ በሽፍታ ተሞላ፤ ከንፈሯ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። የክሊኒኩ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ፈጥኖ ሌላ መርፌ ወጋትና ተረፈች። ባሏን ወደ ጎን ጠርቶም፣

«ይህ መድኃኒት ለብዙ ሰው ፈውስ ነው፤ የእሷ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ይዋጋዋል። ዳግመኛ ከተወጋች ላትተርፍ ትችላለች። የትም ስትታከም አስቀድማችሁ ተናገሩ» አለው።

ወልደ ኪዳን እሺ አለ። ቤት ሲገቡ ግን የተባለውን ነግሯት፣ «ይህን ነገር ለማንም እንዳታነሺ» አላት።

«ለምን? ነውር ሠራሁ?»

«ለትዳር የምትደርስ ልጅ አለችን። ደማቸው ጤና የለውም ከተባለ ማን ያገባታል?»

ጥሩአየሁ አልተከራከረችውም። ነገሩ በዚያው ተዳፈነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሞጣው አቶ ወልደ ሰንበት የወልደ ኪዳንንና የጥሩአየሁን ልጅ ባንቺዓለምን ለወንድ ልጃቸው ጠየቁ። ባልና ሚስቱም ለጥምቀት ተጋብዘው ሞጣ ሄዱ። መንገድ ላይ የጀመራት ሳል በሦስተኛው ቀን ጥሩአየሁን ጣላት፤ ትኩሳቱ አንደበቷን ያዘው። አቶ ወልደ ሰንበት ድሬሰር አስጠሩላት። ሰውዬው ደረቷን አዳመጠና መርፌውን እያፈላ ጠየቀ።

«ሳንባዋ ታሟል፤ ፔኒሲሊን ልወጋት ነው። ከዚህ በፊት ተወግታ ያስቸገራት ነገር አለ?»

አቶ ወልደ ሰንበትና ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ጥሩአየሁ ዐይኗን ገለጠች፤ የባሏን ጋቢ ጫፍ ይዛ ሳብ አደረገችው። ወልደ ኪዳን ገብቶታል። ያ እኮ ድሮ ነው፣ አሁን ምን ይሆናል ሲል ራሱን አታለለ።

«የለም» አለ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ድሬሰሩ የቻለውን ሁሉ ቢያደርግም ጥሩአየሁ እዚያው ሞተች።

ወልደ ኪዳን አላለቀሰም። አስከሬኗን በጭነት መኪና ወደ ቢቸና ሲያመጣ ከሾፌሩ ጋር ስለ መንገዱ መበላሸት አወራ። በቀብሯ ዕለት ሰው ደረቱን ሲመታ እሱ የጫማውን አቧራ ያይ ነበር። ብላ ሲሉት ይበላል፤ ተነሣ ሲሉት ይነሣል።

በአርባዋ ተዝካር አቶ ወልደ ሰንበት መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ባንቺዓለም ጠላ ትቀዳለች። ወልደ ኪዳን ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ።

«እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው» አላቸው።

«የእኔ እናት ተልባ ከቀመሱ ጉሮሯቸው ያብጣል» አሉ ሽማግሌው። «ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያውቅ ተልባ የሚያቀርብላቸው የለም። ይኸው ሰማንያ ዓመታቸው። እና ይህን ብንሰማ ልጅዎን የምንተዋት መስሎዎት ነው?»

ባንቺዓለም ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«እናቴ መርፌው ምን እንደሆነ አውቃ ነበር?» አለችው።

«አውቃ ነበር» አላት።

ልጅቱ ወደ ጓዳ ገባች።

ወገኖቼ፣ የአንዱ ሰውነት የሚወደውን መድኃኒት ወይም ምግብ የሌላው ሰውነት ይጠላዋል። ይህ የዘር ጉድፍ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ሐኪም ሲጠይቅ የሚደበቅ ነገር ሳይሆን፣ ሳይጠይቅም የሚነገር ነው። ወልደ ኪዳን ዛሬ ሰው ታመመ ሲባል ሳይጠራ ይሄዳል። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «የማይስማማው መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይሰማም ወደ ቤቱ አይመለስም።