እንቁላሉ ሲፈለፈል

«እግሩ ታየሽ?» አለ ዊስኑ በሩን እያንኳኳ።

ላራስ ታናሽ ወንድሟን ውጭ ትታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ስለሌለው በቀትርም ጨለማ ነው፤ የመረጠችውም ለዚሁ ነበር። የስልኳን መብራት አብርታ እንቁላሉን አስጠጋችበትና ብርሃኑ እንዳያመልጥ በመዳፏ ከበበችው። እንቁላሉ ውስጡ በራ። ጥርት ያለ ቢጫ ነው። እንደ ቀይ ክር የተዘረጉ የደም ሥሮች የሉም፤ የሚንቀሳቀስ ጥላ የለም። ባዶ ነው፤ ከዚህ በፊት ያየቻቸውም ሁሉ እንደዚሁ ነበሩ። ይሄ የመጨረሻው ነው።

«ላራስዬ፣ ወይስ ምንቃሩ ነው የሚቀድመው?»

«ገና ነው» አለች። «አሁን አይታይም። ይልቅ ሂድና ለእንቶኳ ውሃዋን ቀይርላት።»

ነጠላ ጫማው እየተጠፋጠፈ ወደ ጓሮ ሲሮጥ ሰማችው። መብራቱን አጥፍታ እንቁላሉን በእጇ እንደያዘች ጥቂት ቆመች። ከእንቶኳ ሆድ ሥር ስለወጣ ገና ይሞቅ ነበር።

እንቶክ የዳክዬ ዘር ብትሆንም እንደ ተራ ዳክዬ አትጮህም። በመንደሩ ሲንጫጩ የሚውሉት የጎረቤታቸው የእትዬ ሙርኒ ዳክዬዎች ናቸው። የላራስ እንቶክ ፊቷ በቀይ ሥጋ የተለበጠ፣ ሰውነቷ ከባድ፣ ድምፅዋ ግን ከትንፋሽ የማያልፍ ነው። ሰው ሲጠጋት አንገቷን አስግጋ እፍ ትላለች፣ ጅራቷን ትወዘውዛለች፣ በቃ። ደረቷን ነጭታ በላባዋ ያለበሰችውን ጎጆ በቀን አንዴ ብቻ ትለቃለች። የተከተፈ የሙዝ ግንድ በፉርሽካ ተለውሶ ሲቀርብላት ጎረስ ጎረስ አድርጋ፣ ውሃ ውስጥ ነከር ብላ፣ ማንም ሳያባርራት ሮጣ ትመለሳለች። ከሳምንት ሳምንት እየከሳች ሄዳለች። አውራው ለመውሊድ ድግስ ከታረደ በኋላ የጣለቻቸው እንቁላሎች መሆናቸውን ያኔ ማንም ልብ አላለም።

ዊስኑ ግን እንቁላሎቹን የሚጠብቀው ጫጩት ፈልጎ ብቻ አልነበረም።

እናታቸው ታይዋን ሄዳ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ዓመታት አልፈዋል። ዊስኑ በደንብ የሚያውቃት በስልክ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ «እናትህ ሌላ ልጅ አግኝታለች» ብሎ አሹፎበት መንገድ ዳር ተቀምጦ አልነሳም አለ። አባታቸው ከሚሠራበት የጡብ ማቃጠያ ሲመለስ አገኘው። አቧራው ላይ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ «እንቶኳን አየሃት? ታቅፋለች አይደል? እንቁላሉ ሲፈለፈል እናትህ ትመጣለች» አለው። ውሸት አልነበረም። የእናታቸው ውል የሚያልቀው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ለኢድም ቤት ልትሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እናታቸው ከታይዋን የደወለችው። ላራስ ጓሮ ውስጥ የሙዝ ግንድ እየከተፈች ነበር። አባቷ እሷን አላያትም።

«አሮጊቷ ሌላ ሰው አልፈልግም ካሉ ምን ይደረጋል» ይላል በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ዓመት... እሺ። እሺ። ፈርሚ። ለልጆቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሲዞር ላራስ ቢላዋውን ይዛ ቆማለች።

«ለዊስኑ እንዳትነግሪው» አላት። «እኔ ራሴ፣ ቀስ ብዬ።»

ያ «ቀስ ብዬ» ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ትምህርት ቤትም አልተመቻትም። ነገሩን ከማወቋ በፊት እናቷ እንደምትመጣ ለክፍሏ ልጆች ተናግራ ነበር፤ በተለይ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት ለምትቀመጠው ለአንጊ።

«ቆይ፣ መቼ ነው የምትገባው?» አለቻት አንጊ በእረፍት ሰዓት፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ የተጠበሰ ቴምፔ እያካፈለቻት። «ኤርፖርት ስትሄዱ እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ በናትሽ። ፎቶ ምናምን እንነሳለን።»

«ከኢድ በፊት» አለች ላራስ።

«ቀኑ አልታወቀም? ስትፎግሪን እንዳይሆን ብቻ።»

አንጊ እየሳቀች ነበር፤ የላራስ ፊት ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእረፍት ሰዓት ላይብረሪ መግባት ጀመረች። ስትወጣም በትልቁ መንገድ ከአንጊ ጋር መሄዱን ትታ በሩዝ ማሳው ጀርባ ትዞራለች። አንጊ አንድ ሁለቴ «ምን ሆነሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ሦስተኛ አልጠየቀችም። ላራስ በማሳው መሐል ስትሄድ የምታወራው ሰው እንደሌላት የምታስተውለው አንድ የሚያስቅ ነገር ስታይ ነበር፤ ለማን እንደምትነግር ታስብና ትተወዋለች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙርኒ በጓሮው በር ገቡ። በቀሚሳቸው እቅፍ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ላራስ፣ ያንቺ እንቶክ ታቅፋለች አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የኔዋን እንቶክ ከቦዩ ስትመለስ ሞተር ገጫት፣ አሁን ነው። የነዳው ልጅ ዞር ብሎም አላያት።» ፎጣውን ገለጥ አደረጉ። ነጫጭ እንቁላሎች ናቸው። «ዛሬ ነገ የሚሉ ናቸው። ዳክዬዎቼ እንደሆኑ መጣል እንጂ መታቀፍ አያውቁም። ሳይቀዘቅዙ ሥሯ አስገቢልኝ። ያንቺዎቹ ስንት ቀራቸው?»

«የኔዎቹ...» አለች ላራስ።

እትዬ ሙርኒ ወደ ጎጆው ጎንበስ ብለው አንዱን አንስተው ነቀነቁ፣ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ውይ፣ እነዚህማ ባዶ ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም ገምቷል። ምነው ዝም አልሽ? ይቺን ምስኪን በከንቱ ታደርቂያታለሽ?»

ላራስ ፎጣውን አየች። እንቁላሎቹን ከተቀበለች ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ጓሮው በጫጩት ይሞላል፤ ዊስኑም እናቱን ሊጠብቅ በር ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ካልተቀበለች ደግሞ እዚያው ፎጣው ውስጥ ይቀዘቅዛሉ።

«አባዬን ልጠይቀው?» አለች።

«ምኑን ነው የምትጠይቂው? ስሚው እስቲ።» አንዱን አንስተው ጆሮዋ ላይ ለጠፉት።

ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጲጵ። ዝም አለ። እንደገና፣ ጲጵ።

ላራስ ፎጣውን ተቀበለቻቸው።

እንቶኳ እፍ አለችባት፣ እጇን ነከሰቻት። ላራስ ባዶዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች በምትካቸው የእትዬ ሙርኒን አስገባች። እንቶኳ የመጀመሪያውን በምንቃሯ ገፋ አድርጋ አየችው። ከውስጥ ሲጮህባት አንገቷን አዘነበለች፤ ከዚያ ክንፏን ከፈት አድርጋ ሁሉንም ሸፈነቻቸው። ባዶዎቹን ላራስ ከሙዙ ሥር ቆፍራ ቀበረቻቸው።

ዊስኑ ከቁርኣን ትምህርት ሲመለስ ልክ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የሄደው ወደ ጎጆው ነው። ላራስ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሲጣራ ሰማችው፤ ሲጣራ ደግሞ በሹክሹክታ ነው።

«ላራስዬ። ላራስዬ፣ ነይ። ያወራሉ።»

በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ወደ ገለባው አስጠግቷል። ቀና ሲል ጉንጩ ላይ ላባ ተለጥፏል። ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ተከትላው ስትገባ መጥረጊያውን ከቁመቱ በላይ ይዞ የእንግዳ ክፍሉን እየጠረገ ነው።

«ምን ታደርጋለህ?»

«እማዬ አቧራ አትወድም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ላራስ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከመምጣቱ በፊት ገና ጊዜ አለ። ቢመጣም፣ ደክሞት እግሩን ሲታጠብ፣ ዊስኑ እየዘለለ ሲነግረው፣ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ «ጎበዝ» ይላል። ነገም «ጎበዝ» ይላል። ስልኳን አወጣች። በዚህ ሰዓት አሮጊቷ ይተኛሉ፤ እናቷ ብዙ ጊዜ የምትደውለው አሁን ነው።

እናቷ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። ፊቷ በስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ከኋላዋ የሌላ ሰው መጋረጃ አለ።

«ምነው የኔ ልጅ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። እማዬ፣ ዊስኑ ቤት እየጠረገልሽ ነው። እንቁላሉ ሊፈለፈል ነው።»

እናቷ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «አባትሽ አልነገረውም?»

«አልነገረውም።»

«በስልክ እንዴት አድርጌ...»

«ሌላ በምን ትነግሪዋለሽ?» አለች ላራስ። በቁጣ አልነበረም፤ ራሷም የደነገጠችው ለዚያ ነው። «እኔ አጠገቡ እሆናለሁ።»

መጥረጊያውን አስጥላ ዊስኑን ከጎኗ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ መናገር ጀመረች፣ አቋረጠች፣ እንደገና ጀመረች። ሁለት ዓመት ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ዊስኑ ስክሪኑን ትክ ብሎ እያየ አዳመጠ። አላለቀሰም። ሲያልቅ «እሺ» ብሎ ስልኩን ለላራስ ሰጣት፣ ተነስቶም ወደ ጓሮ ወጣ።

ጎጆው አጠገብ ጉልበቱን አቅፎ አገኘችው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንቁላሎቹስ የእንቶኳ ናቸው?»

«አይደሉም። የእሷዎቹ ባዶ ነበሩ። እነዚህ የእትዬ ሙርኒ ናቸው፣ እናታቸው ሞታ ነው። እሱንም አውቄ አልነገርኩህም።»

ፊቱን ዞር አደረገባት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው፣ ድምፅ ሳያሰማ። ላራስ ልታቅፈው ስትል ገፋት፤ ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጠች፣ አልሄደችም። ጥላው ጓሮውን ሲሸፍን እንቶኳ ከሥሯ አንዳች ነገር ተንቀሳቅሶባት ብድግ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ዊስኑ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ሁለት ዓመት ስንት ጊዜ ስትታቀፍ ነው?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ይሄኛው ይቆጠራል?»

ላራስ አሰበች። «ይቆጠራል» አለች።

አባታቸው ሲመጣ ዊስኑ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ላራስ እራቱን አቀረበችለትና «ነግረነዋል። እኔ ነኝ የደወልኩት» አለችው። ማንኪያውን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን የጡብ አቧራ የገባበትን ጥፍሩን እያየ ቆየና፣ «አለቀሰ?» ብቻ አለ።

«አለቀሰ።»

«አንቺስ?»

እስካሁን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ሳህኗን ይዛ ተነሳች፤ እሱም አልደገመውም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጫጩቶች ከእንቶኳ ክንፍ ሥር ብቅ ብለው ነበር፣ ቢጫና ጥቁር፣ ገና ያልደረቁ። ዊስኑ ቁርሱን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። ላራስ ነጭ ሻሿን አስተካክላ ቦርሳዋን አነገተች። የጓሮው በር ጋ ደርሳ፣ ወደ ሩዝ ማሳው የሚወስደውን መንገድ አየችው። ከዚያ ዞራ በፊት ለፊቱ በር ወጣች፤ ትልቁ መንገድ ዳር፣ አንጊ በብስክሌት የምታልፍበት ቦታ ላይ ቆማ መጠበቅ ጀመረች።