አራተኛውን አልጋ ያነጠፍኩ ቀን

ይህ የደረሰው በእኔ በራሴ ላይ ነው። የጓደኛዬ ጓደኛ፣ የአክስቴ ጎረቤት ምናምን የለም።

ደግሞ እኩለ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ከታች መንገዱ ላይ የቱሪስት ሻንጣ ይንኳኳል፣ አስጎብኚው ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ የማስታወሻ ዕቃ ሻጮቹ በአምስት ቋንቋ ይዋሻሉ።

"ለምን ወዲያው አልወጣሽም?" ብላችሁ ኮሜንት ለመጻፍ ጣታችሁን የምታፍታቱ... ቆዩ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጀግና መሆን ቀላል ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ትልቅ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፌያለሁ። አሁን የአንድ ፎቅ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ። አንሶላ ላይ አንዲት ሽብሽብ ካየሁ ያነጠፈችውን ልጅ ጠርቼ ከነትራሱ አስገፍፋታለሁ። ልጆቹ ከኋላዬ "ካውያ" ነው የሚሉኝ። አውቃለሁ። እንዲያውም ደስ ይለኛል።

እና እኔ ካውያዋ... ሆስቴል ገባሁ።

ጥፋቱ የታናሽ እህቴ የሚጣ ነው። በማግስቱ ጠዋት የበረራ አስተናጋጅነት ፈተና ነበራት። መፈተኛው ከዚያ የቱሪስት ሰፈር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ማደሪያውን በስልኳ ፎቶ አይታ መረጠችው። ፎቶው ላይ ትራሱ መሃል አበባ ተቀምጧል።

እናታችን ስትሸኘን እጄን ይዛ፣ "ሚጣን በደህና ወስደሽ በደህና መልሺልኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም" አለችኝ። ሚጣ የቤቱ መጨረሻ ናት። ለእናቴ ከእሷ ወዲያ ዓለም የለም። እውነቱን ልናገር፣ ለእኔም የለም።

ሌሊቱን በአውቶቡስ ስንንገጫገጭ አድረን ደረስን። አበባ የሚባል ነገር የለም።

እንግዳ ተቀባዩ ግን አለ። ግንባሩ እስከ ማጅራቱ የደረሰ ሰውዬ ነው። የሸሚዙ አንድ ቁልፍ ወልቋል፣ እሱም አላወቀውም።

"ፎጣ ትሰጣላችሁ?"

"ችግር የለም።"

"ሻወሩስ ይሠራል?"

"ችግር የለም።"

"አልመለስክልኝም እኮ!"

"ኧረ ችግር የለም፣ እህቴ።"

ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። የሴቶች ክፍል ነው። ስድስት የብረት አልጋ በጎኑ ግድግዳውን ተጠግቶ በተርታ ተደርድሯል። እዚያ ያደሩት ቱሪስቶች በጠዋት ሻንጣቸውን ይዘው ወጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ እኔና ሚጣ ብቻ ነን።

አምስቱ አልጋዎች ተነጥፈዋል... ማንጠፍ ከተባለ። ብርድ ልብሱ እላያቸው ላይ ተጥሏል ብል ይሻላል።

አራተኛው ጭራሽ አልተነጠፈም።

ሚጣ አምስተኛው ላይ እንደወደቀች እንቅልፍ ወሰዳት። ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጉልበቷን አቅፋ ነው የተኛችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌላ አተኛኘት አታውቅም።

የሆስቴሉ አጽጂ ባልዲዋን እየጎተተች ገባች። አሮጊት ናት። መጥረጊያዋን ሳየው ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ቆሻሻውን ቦታ ያቀያይራል እንጂ አይጠርግም።

"እማማ፣ ይኼን አልጋ ረስተውታል።"

"አልረሳሁትም።"

"ታዲያ?"

አሮጊቷ ወደተኛችው ሚጣ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እሱን አናነጥፍም፣ ልጄ።"

"ማነው የሚተኛበት?"

"አናነጥፍም አልኩሽ።"

ባልዲዋን አንስታ ወጣች።

እኔ ሳቅሁ። ስንፍናን በስንት ሰበብ ሰምቻለሁ። ወገቤን አሞኝ፣ ሳሙና አልቆ፣ ልጄ ትኩሳት ይዞት። በሹክሹክታ የመጣ ስንፍና ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እጄን በላኝ። ተነስቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ።

አንሶላ አንብቢ ብትሉኝ አነብበዋለሁ። ሰው የተኛበት ከሆነ ፀጉር ይገኛል፣ ላብ ይሸታል፣ ትራሱ ላይ ወዝ ይቀራል። ይኼ ምንም የለውም። ፀጉር የለም። ሽታ የለም። መሃሉ ግን ከትከሻ እስከ ተረከዝ፣ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ሰርጉዷል።

ሌላም ነገር አለ።

ሰው ከአልጋ ሲነሳ በአንዱ ወገን ነው የሚወርደው። በወረደበት በኩል አንሶላው ይጎተታል፣ የፍራሹ ጠርዝ ይጨፈለቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ አላየሁም።

በዚህኛው አልጋ በግራም በቀኝም የተጎተተ ነገር የለም።

የተኛበት አለ... የወረደ የለም።

ይህን በዓይኔ አየሁ። ግን ትዕቢቴ ከእኔ በላይ ረጅም ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አንሶላውን በሁለት ጫፉ ይዤ አነሳሁት።

ከበደኝ። ስስ የጥጥ አንሶላ እኮ ነው... እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደኝ።

ደግሜ ሳራግፈው ቀለለ።

ወጠርኩት። አራቱንም ማዕዘን አጥፌ ከፍራሹ ሥር ሸጎጥኩ። የራሴ አስተጣጠፍ አለኝ፤ በመጨረሻ ማዕዘኑን በአውራ ጣቴ ጫን እለዋለሁ፣ ጎድጎድ ያለች ምልክት ትቀራለች። የእኔ ፊርማ ናት። ሥሬ ያሉት ልጆች ሊኮርጁኝ ሞክረው እስካሁን አልሆነላቸውም። እኔ የሸጎጥኩትን አንሶላ እንግዳው ተገላብጦ ሊያድርበት ይችላል እንጂ አይፈታውም።

"አልጋ ማለት ይኼ ነው!" አልኩ ለራሴ። ከቤት ያመጣሁትን ፎጣ ይዤ ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ሻወር ሄድኩ። ችግር የለም የተባለው ሻወር ከችግር በስተቀር ምንም አልነበረውም። በጠብታ ስታጠብ አሥር ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው።

ተመልሼ በሩን ከፈትኩ።

ከታች ቱሪስቶቹ ይስቃሉ። ፀሐይዋም ወለሉ ላይ ናት። አራተኛው አልጋ እንዳነጠፍኩት ነው፤ አንዲት ሽብሽብ የለበትም።

ሚጣ ግን በጀርባዋ ተንጋላለች።

እጆቿ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለዋል። አንሶላው እስከ አገጯ ደርሷል። ደግሞ ወደ አልጋው ጠርዝ ወጥታለች፤ ወደ ግድግዳው ያለው ግማሽ አልጋ ባዶ ነው።

ባዶው ግማሽ ሰርጉዷል።

ወደ ግርጌው አየሁ። አንሶላው ከፍራሹ ሥር ተሸጉጧል። ማዕዘኑ ታጥፏል። እጥፋቱ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ።

እኔ ያንን አልጋ አልነካሁትም።

"ሚጣ..."

ዓይኗ አልተከፈተም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"እታለም..."

"ወይ?"

"ትንሽ ጠጋ በይልኝ።"

በእኔና በእሷ መካከል ስድስት እርምጃ አለ።

"ወዴት ልጠጋ?"

"ወደ ግድግዳው... አጣበብሽኝ እኮ..."

ክው አልኩ። ከዚያ ዘልዬ አንሶላውን ጎተትኩት።

አልመጣም።

በግርጌ ሞከርኩ፣ በጎን ሞከርኩ። ያ የምኮራበት እጥፋት እህቴን ውስጡ ይዞ አልለቅ አለኝ። ጥፍሬ ተሰበረ። በመጨረሻ ፍራሹን ከነሚጣ አንስቼ ነው ያላቀቅኩት። ያነሳሁት ክብደት ግን... የአንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ አልነበረም።

እጇን ይዤ ወደ ደረጃው አወጣኋት። እየተደናበረች፣ "ምን ሆነሻል? ፈተናው ደረሰ እንዴ?" ትለኛለች።

አሮጊቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። አንድ ጊዜ ሚጣን፣ አንድ ጊዜ የተሰበረ ጥፍሬን አየች።

"አነጠፍሽው?"

"አዎ።"

"ሥራሽ ምንድነው ልጄ?"

"ሆቴል... አልጋ አነጥፋለሁ።"

"በናንተ ሆቴል እንግዳ ተኝቶበት ሳለ ታነጥፋላችሁ?"

"አናነጥፍም። የምናነጥፈው እንግዳው ሲለቅ ነው።"

"አንቺ ግን እንግዳውን አስለቀቅሽው።"

ለስንት ተለማማጅ ያስተማርኩትን ትምህርት ከዚያች መጥረጊያ መያዝ አታውቅም ካልኳት ሴት ተማርኩት።

"ምን ላድርግ እማማ?"

ወደ ጆሮዬ ቀረበች።

"ቦታውን መልሺለት። ግቢና ተኚበት። የገላሽ ቅርጽ አንሶላው ላይ ይውጣ። ከዚያ ትወርጃለሽ..."

"እሺ።"

"ከቻልሽ።"

ሚጣን እሷ ጋ አስቀምጬ ተመለስኩ። አራተኛው አልጋ ፊት ቆምኩ። አንድ ጉልበቴን ጠርዙ ላይ አሳረፍኩ።

ፍራሹ ከታች ወደ ላይ ጉልበቴን ገፋው። ቀስ ብሎ ነው የገፋኝ።

አልቻልኩም።

ለእህቴ እሞታለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሥር ጊዜ ምያለሁ። ያን ቀን ግን ቆሜ አንሶላውን በእጄ አጨማደድኩት። መሃሉን በቡጢ እየደበደብኩ ለማሰርጎድ ሞከርኩ። ትራሱን አጣመምኩት። የአንድ ቀን ተለማማጅ ብታየው የእጅ ሥራ መሆኑን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ትቼው ሻንጣችንን ይዤ ወጣሁ።

"ተኛሁበት" አልኳት አሮጊቷን።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቀሚሴ ላይ አንድም ሽብሽብ የለም።

"በየት በኩል ወረድሽ?" አለችኝ።

የሚጣን እጅ ይዤ እግሬ አውጪኝ አልኩ። እንግዳ ተቀባዩ ከነሻንጣችን ስንሮጥ አይቶ ከወንበሩ ተነሳ።

"ችግር አለ እንዴ?" አለ።

ሚጣ ፈተናውን አለፈች። ስለዚያ ቀን ስጠይቃት "ደክሞኝ ነው፣ ቃዥቼ ነው" ብላ ትስቃለች። ሁለት ዓመት ሆነ፤ ትበራለች። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "በደህና ወስዳ በደህና የመለሰችልኝ እሷ ናት" እያለች ታመሰግነኛለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናዋን እቀበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሚጣ በቪዲዮ ደወለችልኝ። በረራ ጨርሳ የሆነ አገር ሆቴል ገብታለች። አልጋው ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው። እሷ አንዱ ጠርዝ ላይ፣ ልትወድቅ ምንም ያህል ሳይቀራት ተጋድማለች።

ስለ ተሳፋሪዎቿ እያወራችልኝ ድምፅዋ ቀስ በቀስ እየወረደ ሹክሹክታ ሆነ።

"ምን ሆነሽ ነው የምትንሾካሾኪው?" አልኳት።

"እኔ?" ትንሽ አሰበች። "እንጃ..."

"ማን አለ እዚያ?"

"ማን ይኖራል? ብቻዬን ነኝ እንጂ።"

ሳቀችና ወሬዋን ቀጠለች። አዲሱ የሥራ ጫማ ጣቷን ልጧታል። እሱን እየነገረችኝ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል፣ እጇን ወደ ኋላዋ ዘረጋች። ብርድ ልብሱን በባዶው በኩል ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። ከዚያም እንቅልፍ የወሰደውን ሰው እንደሚያለብሱት፣ ዳር ዳሩን ቀስ እያለች ጠቀጠቀችው።