ምላስ ያወጣው ፊት

መርማሪ ፌንግ ጉዪዢ ሸን ቤት ስትደርስ ሟቹ በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ደግሞ ለእሱ የተሠራች የወረቀት መኪና ቆማለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ትቃጠላለች፤ በጉዪዡ ተራሮች ልማድ ሙት በእግሩ አይሸኝም፤ የተቃጠለችው መኪና ወደ ወዲያኛው ዓለም ታደርሰዋለች።

ሸን ፉታይ ብርቱካን ነጋዴ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ትንሿ ቫኑ ከተራራው መንገድ ዘጠነኛ ጥምዝ ወጥታ ገደል ገባች። መንደሩ ገዳዩን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገውም፦ በጭነት መኪናው ግንባር ላይ ስድስት ፓውዛ የደረደረው ኩዋንግ ዳሄይ ነው። ተይዟል፤ ነገ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። ፌንግ የቀራት ይህ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

የጠራቻት የሟች ልጅ ሩዪ ናት፤ ከተማ ውስጥ የመንገድ ምልክት ትሠራለች።

«እትዬ ፌንግ፣ የወረቀቷን መኪና ጀርባ ይዩልኝ።»

የኋላ መስታወት በሚሆነው ቦታ ላይ በጥቁር ቀለም ፊት ተሥሏል፦ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ምላሱ እስከ አገጩ የወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኔ ሥራ ነው። እውነተኛው፣ ቫኑ ላይ የነበረው ማለቴ ነው። አባዬ የዓይኑ ሞራ ከተገፈፈለት ወዲህ ከኋላ ረጅም መብራት ያበሩበት እንደሆነ እንባው እየወረደ ነበር የሚገባው። ደንግጠው መብራቱን እንዲያጠፉለት ብዬ፣ ለምልክት ከምንጠቀምበት አንጸባራቂ ወረቀት ቆርጬ ሠራሁለት። ሌላውም ሰው ይለጥፋል፤ የኔ ግን ቀን ላይ ግራጫ ነው። ኃይለኛ መብራት ካልመታው ፊቱ አይወጣም።»

«መቼ ለጠፍሽው?»

«በሞተበት ቀን፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ሱቄ በር። ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቱ ያዘልኝ፤ ሙጫው አልለቅ ብሎት ሳቅን። ከዚያ ወደ ቤት ነዳ። አልደረሰም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። የኋላ መስታወቱ ተሰብሮ እንደ ጨው ተበትኗል፤ ምን ብዬ ልንገር?» ከንፈሯን ነከሰች። «ይህችን መኪና ማን እንዳሠራት አላውቅም። ሠሪው ዛሬ አምጥቶ አስቀመጠና ሄደ።»

ፌንግ ወደ ወረቀት ሠሪው ደወለች፤ አጭር ነገር ጠየቀች፤ አጭር ነገር ተመለሰላት። ከዚያ ገደሉ ሥር ወዳለው የቫን ስብርባሪ ወረደች። ከሾፌሩ በላይ የሚንጠለጠለው፣ ኋላን የሚያሳየው ስፖኪዮ አልተሰበረም፤ ወደ ጣሪያው ተጠምዝዟል። በስፖኪዮው ላይ የደረቀ ሙጫ አለ፤ የአውራ ጣት ቅርጽ።

ኩዋንግን ጣቢያ አነጋገረችው።

«ስድስት ፓውዛ ለምንህ ነው?»

«ጉም ሲወርድ የራሴን አፍንጫ እንኳ አላይም፣ እትዬ።»

«የሌላውንስ ዓይን?»

አንገቱን ደፋ። «ሰው ሲመጣ አጠፋለሁ። ብዙውን ጊዜ።»

«በዚያ ምሽት ግን ሁሉም በርተው ገደል አፍ ላይ ተገኙ።»

«ከታች፣ ከመንደሩ በኩል ወደ ላይ ስወጣ የጎማ ምልክት አየሁ፤ አጥሩ የለም። መኪናዬን አዙሬ ገደሉን አበራሁለት። የሚጮህ ሰው ነበር። ወርጄ ስደርስ ጩኸቱ ቆሟል። ስወጣ መንደሩ ሁሉ በድንጋይ ጠበቀኝ።»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ላን ቺንዩዌ ግን በዚያ ምሽት ከሟቹ ኋላ ነበረች።

«ሩብ ሰዓት ያህል ተከተልኩት። መታጠፊያው ጋ ወደ አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ተለየሁ።»

«የኋላ መስታወቱ ላይ ምን አየሽ?»

«ግራጫ ነገር። መስታወቱ ተሰብሮ ካርቶን የለጠፈበት ነበር የመሰለኝ።»

«መብራትሽስ?»

«አጭሩ ነዋ! የጋሽ ዮንግሻንን ምክር ሰምቶ ረጅም የሚያበራ አለ?»

ሸን ዮንግሻን የሟች ታላቅ ወንድም ነው። በክንዱ ቀይ ጨርቅ አስሮ በየምሽቱ ድልድዩ ላይ እየቆመ «አጭሩን አብሩ! ሰው አታሳውሩ!» ሲል ሃያ ዓመት ሞላው።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ፌንግ ሁሉንም በግቢው ሰበሰበች። ኩዋንግንም በካቴና አስመጣችው።

«ይሄን ዓይነ ስውር አድራጊ ለቀስተኛ ብለሽ አመጣሽው?» አለ ዮንግሻን። «ያቺን መኪና ለኩሱና ወንድሜን ልሸኝባት!»

«ይቆዩ፣ ጋሽ ዮንግሻን። መጀመሪያ ስፖኪዮው።» ፌንግ ድምጿን አላነሳችም። «ሟቹ በሙጫማ ጣቱ ወደ ጣሪያ አዙሮታል። ከፊቱ የሚመጣ መብራት ያስቸገረው ሰው ስፖኪዮ አይነካም። ያሳወረው ከኋላው ነው። ኩዋንግ ከፊት ይመጣ ነበር።»

በጣቷ ወደ ወረቀቷ መኪና ጀርባ አመለከተች።

«ሁለተኛ። ነርሷ በአጭር መብራት ተከትላው ግራጫ ነገር አየች። አጭር መብራት ከመስታወቱ በታች ይቀራል። ይህን ፊት ያየ ሰው በረጅም መብራት ነው ያየው፤ ያየውም ከሩዪ ሱቅ እስከ ዘጠነኛው ጥምዝ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መስታወቱ የለም። ጋሽ ዮንግሻን፣ በዚያ ምሽት የት ነበሩ?»

«ስብሰባ! መንገዱን አልረገጥኩም፤ መቶ ሰው ይመስክር።»

«ወረቀት ሠሪው ‹ታላቅ ወንድሙ አዘዘኝ፤ ከነምላሱ በእጁ ሥሎ አሳየኝ፤ አንድ ነገር እንዳይጎድልበት አለኝ› ብሏል። ማን አሳየዎት?»

ዮንግሻን ወደ ሩዪ ዞረ። ሩዪ እኔ አላሳየሁም ለማለት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ሽማግሌው በሳጥኑ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቀዩን ጨርቅ ከክንዱ ፈታ፤ የሚያኖርበት ግን አጣ።

«ያን ፊት ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። ያን ምሽት ለስብሰባው ዘግይቼ ነበር» አለ። «የሚናገረው እኔ ነበርኩ፤ ስለ መብራት። ፉታይ ደግሞ ከፊቴ ይጎተታል። ጥግ ይያዝልኝ ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅሙን አበራሁ። ያ ፊት ብድግ አለብኝ። እኔን የሰደበኝ መሰለኝ። የእናቴ ልጅ፣ በሰው ፊት ምላሱን ያወጣብኝ መሰለኝ። በገንኩ። አላጠፋሁም፤ እስከ ጥምዙ ድረስ አላጠፋሁም።»

«ሲወድቅስ?»

«ብርሃኑ ባዶ መንገድ ላይ ወደቀ። ገባኝ።»

«ከዚያስ?»

«ስብሰባው ሄድኩ። ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።»

ኩዋንግ ካቴናው ሲፈታለት የእጁን አንጓ እያሸ ቆየ። «እየጮኸ ነበር እኮ» አለ፤ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

መኪናዋን ማንም አልለኮሰም። በመጨረሻ ሩዪ ራሷ ክብሪት ጫረች። ጣሪያው ነደደ፤ ጎማው ነደደ፤ ፊቱ ጥቂት ቆየ።

«እትዬ ፌንግ፣ ባልለጥፍለት ኖሮ አጎቴ መብራቱን ያጠፋው ነበር አይደል?»

ፌንግ ከእሳቱ የወጣች የወረቀት ቁራጭ በጫማዋ ጫፍ ወደ ነበልባሉ መለሰች።

ዮንግሻንን የጫነው የፖሊስ መኪና ከበሩ ሲነሣ መብራቱ ድንገት ግቢውን አጥለቀለቀው። ሩዪ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

«አጭሩን!» አለ ከኋላ ወንበር የሽማግሌው ድምፅ፤ ከልማድ።